«ኧረ ምንም የለም፣ አባባ!»

ትናንት አንዲት የሰፈሬ ልጅ ከአዲስ አበባ ቮይስ ላከችልኝ። «አሜሪካ ተቀምጠሽ በወር አበባ ሕመም ትሰቃያለሽ? አንድ ክኒን ጠፋ?» ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ።

ክኒንማ ሞልቷል። በሽታው ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጪ እየበቀለ ያሳምማል። ከ10 ሴቶች አንዷን ገደማ ይይዛል። ጨርሶ የሚነቅለው መድኃኒት ግን የለም።

እኔን የጎዳኝ የመጀመሪያው ቀጠሮ ነው። አስተርጓሚው በስልክ፣ ስፒከር ላይ ናቸው። ድምፃቸው የእድር ሰብሳቢ! ዶክተሩ በግንኙነት ጊዜ የሚያመኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። አስተርጓሚው ዝም አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና… ከባለቤትሽ ጋር… በዚያን ጊዜ…»

ባል የለኝም። ፊቴ ጋለ። «ኧረ ምንም የለም፣ አባባ!» አልኩ። ሕመምሽ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው ስባልም ማማረር ነውር መሰለኝና «4» አልኩ። እኛ እያቃሰትንም «ተመስገን» ነን፤ የዚህ አገር ሐኪሞች ደግሞ የሚያምኑት የተጻፈውን እንጂ የገረጣ ፊትሽን አይደለም። ኢቡፕሮፌን ይዤ ወጣሁ። 2 ዓመት የፓርኪንግ ካሸር ወንበር ላይ ተጣጥፌ ሠራሁ።

ኋላ ያገኘኋት ሴት ዶክተር የወሊድ መከላከያ ክኒን ሳላቋርጥ እንድውጥ አዘዘች፤ ወር አበባው እንዲቆም ነው። እናቴ ሰምታ «ሳታገቢ የምን መከላከያ?» አለች። ሆርሞን ያለው ሉፕም አማራጭ ነበር። እኔ ግን ወደ መርፌው ሄድኩ። እንቁላል ማምረቻውን ያስተኛል። በ29 ዓመቴ እንዳረጠች ሴት ሰውነቴ እየጋለ በየካቲት ብርድ መስኮት ከፈትኩ፤ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ጋቢ ተከናንባ ትረግመኛለች። አጥንት ስለሚያሳሳ ብዙ አያቆዩበትም። በመጨረሻ ላፓራስኮፒ ተሠራልኝ፤ በትንንሽ ቀዳዳ ገብተው የበቀለውን ቆርጠው አወጡ። በዚያው ቀን ወደ ቤት! አጥሚት የለ፣ ብርቱካን ይዞ የሚመጣ ጠያቂ የለ። ሕመሙ ቀለለኝ፤ ግን ሊመለስ ይችላል ብለውኛል።

«ስትወልጂ ይለቅሻል» የምትሉኝም ተዉኝ፤ እርግዝና መድኃኒቱ አይደለም።

ልትመጡ ያሰባችሁ እህቶች፣ ሆስፒታል ስትሄዱ «አስተርጓሚዋ ሴት ትሁንልኝ» በሉ፤ በነፃ ነው፣ አትፈሩ። 8 ከሆነ 8 በሉ። አልትራሳውንዱ ምንም አላሳየም ቢሏችሁም ዝም አትበሉ፤ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ከሥራ የምታገኙት የጤና ኢንሹራንስ መቼ እንደሚጀምርም ቀድማችሁ ጠይቁ።

ይህን ሁሉ ለዚያች ልጅ በ7 ደቂቃ ቮይስ አስረዳኋት። መልሷ ወዲያው መጣ፦ «አይዞሽ የኔ እናት። ዲቪው ከወጣልኝ ግን አንቺ ጋ ነው የማርፈው አይደል?»