አስራ ሁለቱ ድጋፎች በመጨረሻ ተራመዱ

ትናንት ማታ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሞዴሌ አስራ ሁለቱም የጣሪያ ድጋፎች አንድ በአንድ ወደ ፊት ሄዱ፤ ጣሪያውም ከኋላቸው ተንዶ ወደቀ። አራት ወር የደከምኩት ለዚህ ነበር።

በያዩና በደልቢ ሞዬ የድንጋይ ከሰል እንዳለ ስሰማ ነው ያደግኩት፤ ከጥልቅ መሬት ውስጥ እንዴት እንደሚወጣ ግን አላውቅም ነበር። በሌላው ዓለም የሚሠራበትን ሎንግዎል የተባለውን ዘዴ ሳነብ ሞዴሉን ልሥራ ብዬ ተነሳሁ። ጣውላውን እዚሁ ጂማ በርጩማ የሚሠራ ጎረቤቴ ቆረጠልኝ፤ የድጋፎቹ እግሮች ሲሪንጆች፣ ቧንቧዎቹ የግሉኮስ ቱቦዎች ናቸው።

ዘዴው እንዲህ ነው። ብዙ ጊዜ ከ200 ሜትር በላይ ተራርቀው ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ዋሻዎች ይቆፈሩና ጫፍ ላይ ይገናኛሉ። የሚያገናኛቸው ግድግዳ ራሱ ከሰል ነው። ቆራጩ ማሽን በግድግዳው ርዝመት እየተመላለሰ ይልጠዋል፤ የተላጠው ሥሩ በተዘረጋው የሰንሰለት ማጓጓዣ ላይ ይወድቃል፤ ሠራተኞቹን ከላያቸው የሚከልሉት በሃይድሮሊክ፣ ማለትም በፈሳሽ ግፊት፣ የሚቆሙ ድጋፎች ናቸው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ያስቸገረኝ የእነዚህ ድጋፎች እርምጃ ነው። እያንዳንዱ ድጋፍ ከማጓጓዣው ጋር የታሰረው በአንድ አግዳሚ ፒስተን ነው። ድጋፉ ጣሪያና ወለሉን ወጥሮ ሲቆም ፒስተኑ ማጓጓዣውን ወደ ከሰሉ ይገፋል፤ ከዚያ ድጋፉ ጥቂት ዝቅ ይልና ያው ፒስተን ወደ ፊት ይጎትተዋል። በእኔ ሞዴል ግን ስጎትት ድጋፎቹ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ማጓጓዣው ወደ ኋላ ይመለስ ነበር። ቱቦውን ጠረጠርኩ፤ ቀየርኩ። ሲሪንጁን ቀየርኩ። ጥፋቱ የእጄ ነበር፦ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ዝቅ አደርጋቸው ነበር። አንዱ ብቻ ዝቅ ሲል ማጓጓዣውን ይዘው የሚያቆዩት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ሁሉም ሲለቁ የሚይዘው የለም። ሰባተኛውን ብቻ ለቅቄ ስስበው ሁለት ጣት ያህል ተንሸራትቶ ማጓጓዣው ሥር ገጥሞ ቆመ። በደስታ ጮህኩ።

ጣሪያውን በማስቲሽ የሚያጣብቁ ሞዴል ሠሪዎችን አጥብቄ እቃወማለሁ። የዚህ ዘዴ ዋና ነገር ከድጋፎቹ ኋላ ያለው ጣሪያ እንዲፈርስ መተዉ ነው። ሳይፈርስ ተንጠልጥሎ ከቆየ ክብደቱ በድጋፎቹና ከፊት ባለው ከሰል ላይ ይጫናል። እኔ ጄሶና አሸዋ ቀላቅዬ በስሱ ደራረብኩ፤ ከንብብር ንብብር እንዲላቀቅም በየመካከሉ አመድ ነሰነስኩ። ልኩን መዝግቡ እላችኋለሁ፤ እኔ ግን አልመዘገብኩም፤ ትናንት ያን ያህል አምሮ የወደቀውን ጣሪያ ዛሬ ልድገመው ብዬ ሁለት ጊዜ አበላሽቻለሁ። ሲወድቅ ላይኛው አፈር ሰርጎድ ማለቱንም አይቻለሁ፤ በእውነተኛው ማዕድን ላይም መሬቱ እንዲሁ ይሰምጣል።

አሁን የያዝኩት አየሩን ነው። ንጹሕ አየር በአንዱ ዋሻ ገብቶ ግድግዳውን ጠርጎ በሌላው መውጣት አለበት፤ ከከሰሉ የሚወጣው ሜቴን የተባለ ጋዝ ከአየሩ ከ5 እስከ 15 በመቶ ከደረሰ በእሳት ብልጭታ ይፈነዳልና። መንገዱን ለማየት መግቢያው ላይ እጣን አጨሳለሁ። ግማሹ ጭስ በመውጫው ይወጣል፤ ግማሹ ግን በድጋፎቹ መካከል እየሾለከ ወደ ፍርስራሹ ይገባል። ክፍተቶቹን በጨርቅ እየደፈንኩ ነው፤ እስከ አምስተኛው ድጋፍ ደርሻለሁ።