ሰውነትን ከውስጥ ማወቅ

ዮጋ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ስለ ሰውነቴ የማስብበት መንገድ ምን ያህል እንደተለወጠ ሰሞኑን ልብ ብያለሁ። ቀድሞ ሰውነቴን የማውቀው በመስታወትና በፎቶግራፍ፣ ይኸውም ሌላ ሰው በሚያየኝ ዓይን ነበር፤ የትከሻዬን መጉበጥና የሆዴን መግፋት አሳምሬ አውቅ ነበር፣ መንጋጋዬን ነክሼ እንደምውል ወይም ትንፋሼ ከደረቴ በታች እንደማይወርድ ግን ልብ ብዬው አላውቅም። አሁን የምሠራበት ክፍል መስታወት የለውም፤ ይህም ለእኔ ትልቅ በረከት ሆኖልኛል።

የዛፍ አቋም በሚባለው ላይ ቀኝ ጉልበቴን አጥፌ የእግሬን መዳፍ በግራ ጭኔ ላይ አሳርፌ ስቆም፣ መሬት የረገጠው እግሬ ጣቶች ወለሉን ሲጨብጡና ሲለቁ፣ ቁርጭምጭሚቴም በጥቂት በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ ሲል ይሰማኛል። ለሚያየኝ ሰው ዝም ብዬ የቆምኩ እመስላለሁ፤ ነገር ግን ከጡንቻ፣ ከመገጣጠሚያና ከውስጠኛው ጆሮ የሚነሳው መልእክት ያለማቋረጥ ወደ አንጎል እየደረሰ አቋሜን ያስተካክላል። ዓይኔን ስጨፍን ደግሞ ወዲያው መንገዳገድ እጀምራለሁ፤ ሚዛናችን ለካ ይህን ያህል በዕይታ ላይ የተደገፈ ነው።

ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ግን ትንፋሽ ነው። አየር ወደ ውስጥ ስንስብ የልብ ምት በመጠኑ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይዘገያል፤ ለዚህም ዋናውን ድርሻ የሚወስደው ከአንጎል ግንድ ወደ ልብ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ነው። በደቂቃ 6 ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ መተንፈስ ይህን የምት መለዋወጥ ያጎላዋል። ተጨንቄ በምቀመጥበት ጊዜ የሚያስጨንቀኝ ጉዳይ ባይወገድም፣ ትንፋሼን አርዝሜ ሳስወጣ የትከሻዬ ጡንቻ ሲላላ ስለሚሰማኝ ጉዳዩን ረጋ ብዬ ለማሰብ ፋታ አገኛለሁ። ዮጋ ሕክምናን ይተካል የሚሉትን ግን አልቀበልም፤ የከበደ የመንፈስ ጭንቀት ያለበት ሰው ባለሙያ ማየት አለበት።

የሚያሳዝነኝ፣ ዮጋ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው በፎቶግራፍ የምናያቸውን ቀጫጭንና እንደ ልብ የሚተጣጠፉ ሰዎች መሆኑ ነው፤ በዚህ ምክንያት ስንቱ «ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይቀራል። በጥንታዊው ሕንዳዊ የዮጋ ሊቅ በፓታንጃሊ ትምህርት አካላዊ አቋም ከስምንቱ የዮጋ ክፍሎች አንዱ ብቻ ሲሆን፣ ስለ እርሱም የተባለው የጸናና የተመቸ ይሁን የሚል ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ያረፉት ሕንዳዊው መምህር ቢ. ኬ. ኤስ. አይንጋርም ማንኛውም ሰው እንደ አቅሙ እንዲሠራ የእንጨት መደገፊያና ማሰሪያ መጠቀምን አስፋፍተዋል። እኔም ተቀምጬ ወደ ፊት በማጎንበስበት ጊዜ ጉልበቴን ትንሽ አጥፌ ማሰሪያውን በእግሬ መዳፍ ላይ አዞራለሁ፤ እጄ የት ደረሰ ብዬ መለካቱን ትቼ፣ የጭኔ የኋላ ጡንቻ በእያንዳንዱ ትንፋሽ እንዴት እንደሚለቅ እከታተላለሁ።