ስፒከሮቹ ጤነኛ ነበሩ

የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ሲመጣ ኬፍ የተባለው ኩባንያ የሠራቸውን ኤል ኤስ 50 የተባሉ ስፒከሮች ይዞልኝ መጣ። ጥንዱ ብቻውን ከ14 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን አንደኛው ሻንጣ የእኔ ሆነ፤ ለአክስቴ የታሰበው ጫማና ቫይታሚን በሌላኛው ተጨናነቀ። ለዓመታት ስመኛቸው ኖሬአለሁ። ኩባንያው 50ኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣቸው ናቸው፤ መነሻቸውም ቢቢሲ በ1970ዎቹ ለስርጭት መኪናዎቹ ያዘጋጀው ኤል ኤስ 3/5ኤ የተባለ ትንሽ ስፒከር ነው። ጠባብ መኪና ውስጥ ለተቀመጠ ባለሙያ የበቃ ነገር ለኮንዶሚኒየም ሳሎን እንዴት ያንሳል ብዬ አሰብኩ።

የመጀመሪያው ጥፋት የራሴ ነው። ለስፒከሮቹ ኃይል የሚሰጠውን አምፕሊፋየርም ከዚያው ከአሜሪካ አስመጥቼ ነበር። ጀርባው ላይ «120 ቮልት» የሚል ተጽፎበታል፤ ከደስታዬ ብዛት ሳላነብ 220 ቮልት ላይ ሰካሁት። ጧ አለና ሳሎኑ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ሁለተኛውን ስገዛ ጽሑፉን ያነበብኩት መነጽሬን አድርጌ ነው፤ ዛሬም ለማቀዝቀዣው ከገዛነው ስታቢላይዘር ጋር ተያይዞ ይሠራል። ጉልበት ያለው አምፕሊፋየር መምረጤ ግን አላስቆጨኝም። ዴሲቤል የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ እነዚህ ስፒከሮች በተለመደው መለኪያ በአንድ ሜትር ርቀት 85 ዴሲቤል ብቻ ነው የሚሰጡት፤ የአምፕሊፋየሩ ኃይል እጥፍ ቢሆን እንኳ የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለሽቦ ግን ብዙ ገንዘብ አላወጣሁም፤ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር በሜትር የተቆረጠልኝ መዳብ ይበቃኛል። ውድ ሽቦ የሚያወድስ ወዳጅ አለኝ፤ ዓይንህን ሸፍኜ ለይልኝ ካልኩት ጀምሮ ቀጠሮ አይመቸውም።

ከዚያ ሁለት ሳምንት አዘንኩ። ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ የለም፤ ዘፋኙም መሃል ላይ እንደመቆም ግድግዳው ሁሉ ላይ ተበትኗል። ይህን ያህል ገንዘብ ለዚህ ነው እያልኩ ስብሰለሰል፣ አንድ እሑድ ጠዋት አቧራ ልወለውል ጎንበስ ስል በግራው ስፒከር ጀርባ ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ቦታ ተለዋውጠው አየሁ። አንዱ ስፒከር አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። አዙሬ ሰካሁት፤ ቤዙ ተመለሰ፤ ዘፋኙም ከቴሌቪዥኑ በላይ መጥቶ ቆመ።

የቀረው ዕዳ የሳሎኑ ነበር። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ፤ አንዴ ሲጨበጨብ ጭብጨባው እየተንቀጠቀጠ ይመለሳል። ስማቸው የመደርደሪያ ስፒከር ስለሆነ መደርደሪያ ላይ፣ በመጻሕፍት መካከል አስቀምጫቸው ነበር። ይህ ስም ስንቱን አሳስቷል! አየር የሚተነፍሱበት ቀዳዳ በጀርባቸው ነው፤ ግድግዳ ላይ ሲለጠፉ ቤዙ ያብጣል፣ የሰው ድምፅም ገንቦ ውስጥ የገባ ይመስላል። መርካቶ ያለ በያጅ ከአራት ማዕዘን ቱቦ ሁለት ማቆሚያ ሠራልኝ። እንዳይነዝር ውስጡን በደረቅ አሸዋ ሞላሁት፤ ከፍታውንም ሶፋው ላይ ስቀመጥ ጆሮዬ ባለበት ልክ አደረግሁ። ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ሳርቃቸው ባለቤቴ ዝም ብላ አየችና «ታዲያ እኛ በየት በኩል ልናልፍ ነው?» አለች።

ቢሆንም መስተዋቱን የያዘችልኝ እሷው ናት። እኔ ሶፋው ላይ ተቀምጬ እሷ የእጅ መስተዋት በጎን ግድግዳው ላይ እያንሸራተተች ትሄዳለች። ስፒከሩ በመስተዋቱ ውስጥ የታየኝ ቦታ ድምፁ ነጥሮ ወደ ጆሮዬ የሚመጣበት ነው። ለሙከራ እዚያ ጋቢ ሰቀልን፤ ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ አነጠፍን። ለውጡን ለማወቅ የሠለጠነ ጆሮ አያስፈልግም ነበር። የሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ቀድሞ እንደተደፋ ሳንቲም ይንኳኳ ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ ምት ቀስ ብሎ እስኪከስም ይሰማል። ጋቢው በኋላ በወፍራም መጋረጃ ተተካ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ማብራራት ሰልችቶን።

በዐቢይ ጾም እናቴ ልትጠይቀን መጣች። የበገና ቅጂ ከፈትኩላት፤ ወዲያው ከቀኙ ስፒከር ዝዝዝ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ልቤ ቀጥ አለ። የስፒከሩ ሾጣጣ ተቀደደ ብዬ ሙዚቃውን አቆምኩ፤ ሽቦውን ነቀልኩ፤ ካቻቢቴ አምጥቼ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቅሁ። መልሼ ስከፍተው ዝዝታው እዚያው ነው፤ እንዲያውም የትኛው ክር እንደተነካ ሁሉ ይለያል።

«ምኑን ነው የምትፈታታው?» አለች እናቴ። «በገና እኮ እንዲህ ነው የሚለው። በክሩ ሥር ቆዳ አለው።»

በልጅነቴ በአባቴ ካሴት የሰማሁት በገና ዝዝታ አልነበረውም። ካቻቢቴውን ምንጣፉ ላይ አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።