ሁለቱም ሶፍትዌሮች «ችግር የለም» ያሉት ሳጥን

ሃያ የላሜራ ሳጥን ተቆርጦ፣ ታጥፎ፣ ቀለም ተቀብቶ ቢሮ ገብቷል። የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶቹም ከቻይናዋ ሼንዘን መጥተው፣ ጉምሩክ አልፈው ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድረዋል። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የመስኖ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ነው። የኔ ሥራ ገጣጥሞ መፈተሽ ነው።

የመጀመሪያውን ቦርድ ስፔሰሮቹ (ከወለሉ ከፍ የሚያደርጉት እግሮች) ላይ አስቀምጬ አራቱንም ብሎን አሰርኩ። የብሎን ቀዳዳዎቹ ልክ ናቸው። የጎን ማገናኛውም በተቆረጠለት ቦታ ብቅ ብሏል። ክዳኑ ግን አልወርድ አለ። አንዱን ጥግ ስጫነው ሌላው ይነሳል። ጎንበስ ብዬ በክፍተቱ አየሁ። ትልቁ ካፓሲተር፣ ቦርዱ ላይ የቆመው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ሲሊንደር፣ ክዳኑን ተሸክሞታል።

ካሊፐር አወጣሁ። ከሳጥኑ ወለል እስከ ክዳኑ ውስጠኛ ገጽ 55 ሚሊሜትር። ስፔሰሩ 10፣ ቦርዱ 1.6፣ ካፓሲተሩ 50። ድምሩ 61.6 ይመጣል። 6.6 ሚሊሜትር በሞረድ የሚድን አይደለም።

ኤሌክትሮኒክሱን የሚሠራው ልጅ ኪካድ የሚባለውን ነፃ የቦርድ መንደፊያ ከፍቶ የዲዛይን ፍተሻውን አስኬደ። ዜሮ ስህተት። መካኒካል ኢንጂነሯ ደግሞ ሳጥኑን በነደፈችበት በሶሊድወርክስ ላይ ቦርዱና ሳጥኑ አንድ ላይ የተቀመጡበትን ፋይል ከፍታ የግጭት ፍተሻ አስኬደች። እዚያም ዜሮ። ሁለቱም ስክሪናቸውን ወደኔ አዙረው አሳዩኝ። ክዳኑ ግን እንደተንጋደደ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። መጀመሪያ የተመረጠው ካፓሲተር አጠር ያለ ነበር። ቦርዱ ሊታዘዝ ሲል ከሻጩ ዘንድ አለቀ። በምትኩ 35 ሚሊሜትር ስፋት፣ 50 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ተገኘ። ልጁ ዳታሺቱን (የአምራቹን የልክ መግለጫ) አይቶ አዲስ ፉትፕሪንት ሠራ። የእግሮቹን ርቀት፣ የቀዳዳውን ስፋት፣ ዙሪያ ክቡን በትክክል አስቀመጠ። ፉትፕሪንት ማለት ግን ቦርዱ ላይ የሚያርፈው አሻራ ብቻ ነው። ቁመት የሚመጣው ከሱ ጋር ከሚያያዘው የስሪዲ ሞዴል ነው። እሱ አልተያያዘም። ቦርዱን ለመሥራት ስለማያስፈልግ ማንም አልጠየቀም።

ከዚያ ቦርዱ ስቴፕ የሚባል የስሪዲ ፋይል ሆኖ ወደ መካኒካል ተላከ። ሞዴል ያለው ዕቃ ሁሉ ሄደ። ሞዴል የሌለው አልሄደም። ኢንጂነሯ ፋይሉን ስትከፍት ካፓሲተሩ ባለበት ቦታ ያየችው ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ ያለው ባዶ አረንጓዴ ቦርድ ነው። ከሚታዩት ዕቃዎች ረጅሙ 40 ሚሊሜትር የሆነው ሂት ሲንክ፣ ማለትም ሙቀት ማስወገጃው ብረት ነበር። እሱን ይዛ፣ ስፔሰሩንና ቦርዱን ደምራ፣ ትንሽ አየር ትታ 55 አለች። ባየችው ነገር ላይ የሠራችው ስሌት ልክ ነው።

የኪካድ ፍተሻ በዋናነት የሚያየው መዳብ ከመዳብ ያለውን ርቀት፣ ቀዳዳን፣ የዕቃዎችን ዙሪያ ክልል ነው። ከላይ ወደ ታች እንደሚታይ ካርታ ማለት ነው። ሳጥኑ ምን ያህል ከፍታ እንዳለው አያውቅም። ሶሊድወርክስ ደግሞ ያልተሰጠውን አካል ከምንም ጋር አያጋጨውም። ሁለቱም የተጠየቁትን በታማኝነት መለሱ። ጥያቄው የጎደለው መሃል ላይ ነው፤ ፋይሉ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚያልፍበት ቦታ።

መጀመሪያ ግን ሳጥኖቹን ማዳን ነበረብን። አንድ ሰው «ስፔሰሩን ወደ 3 ሚሊሜትር እናሳጥረው» አለ። ሲሰሙት ቀላል ነው። ከቦርዱ ሥር ግን የካፓሲተሩ እግሮች ተበይደው ወደ ታች ወጥተዋል። እዚያ ላይ ከ300 ቮልት በላይ አለ፤ ወለሉ ደግሞ ብረት ነው። ያ ሐሳብ ቶሎ በመቅረቱ እስካሁን ደስ ይለኛል። ሌላው «ክዳኑ ካፓሲተሩን ነካ ቢያደርገው ምን አለበት?» አለ። አለበት። የካፓሲተሩ አናት ላይ ያለው የተጫረ መስመር ጌጥ አይደለም። ውስጡ ግፊት ሲበዛ የሚከፈትበት መተንፈሻ ነው። ለዚህ ስፋት አምራቾች ከአናቱ በላይ ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ክፍት ቦታ ይጠይቃሉ። ስለዚህ የሚያስፈልገን 61.6 ሳይሆን ቢያንስ 64.6 ነው። 66 ብለን ወሰንን።

መርካቶ ያሉት ላሜራ አጣፊ ጋሼ ሳጥኑን አገላብጠው አዩት። «ሳጥኑን አትንኩት። ክዳኑን ብቻ ባርኔጣ አድርገን እንደገና እንሠራዋለን» አሉን። ጠርዙ 11 ሚሊሜትር የረዘመ ሃያ አዲስ ክዳን ተሠራ። የመጀመሪያዎቹ ክዳኖች ተጣሉ። ብሩም ቀኑም ሄደ፤ ቦርዶቹ ግን ተረፉ።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጃችን በዕድሜም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። «ሁለቱንም በአንድ የሚሠራ ሶፍትዌር ካለ ለምን አንገዛም?» አሉ። ውሃ የሚያነሳ ጥያቄ ነው። እኔ ግን የማስታወቂያ ገጽ ከማነጻጸር አንድ ነገር እናድርግ አልኳቸው። ያንኑ ስህተት ያለበትን ቦርድ በየሶፍትዌሩ እናሳልፈው፤ የትኛው ይጮሃል? ለኛ የሚጠቅመው ንጽጽር ይሄ ነው። ተስማሙ።

አልቲየም ከሚባለው የቦርድ መንደፊያ ጀመርን፤ የሙከራ ፈቃድ ወስደን። እ.ኤ.አ. በ1985 በአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ ፕሮቴል ተብሎ የተጀመረ፣ በ2024 የጃፓኑ ሬኔሳስ የገዛው ነው። በእውነት ጥሩ መሣሪያ ነው። ኪካድ ላይ ያጣነው ነገር አለው፦ የቁመት ደንብ። እዚህ ቦታ ላይ ከዚህ በላይ የሚረዝም ዕቃ እንዳይቀመጥ ብለህ ትጽፋለህ፤ ሲጣስ ይነግርሃል። ከሶሊድወርክስ ጋርም በቀጥታ ለውጥ ይቀባበላል። እኛም ጣሪያውን 40 ሚሊሜትር ብለን ጻፍን። ካፓሲተሩን ያለ ሞዴልና ያለ ቁመት አስገባን። ዝም አለ። ቁመቱን 50 ብለን ስንሞላ ወዲያው ቀይ አበራ። የኤሌክትሮኒክሱ ልጅ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ «ቁጥሩን እኔ ካልሞላሁት እሱም አያውቅም ማለት ነው» አለ። በስብሰባው ከተባለው ሁሉ ይህ በለጠብኝ።

ፊውዥን የሚባለው የመካኒካል መንደፊያ ቀጠለ። ባለቤቱ አውቶዴስክ እ.ኤ.አ. በ2016 ኢግል የሚባለውን የቦርድ መንደፊያ ገዝቶ ውስጡ ስላስገባው ቦርዱና ሳጥኑ አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ፋይል መላክ የለም፤ ቦርዱ ሲቀየር ሳጥኑ አጠገብ ታየዋለህ። ለአዲስ ቡድን ይህን እመርጣለሁ። ነገር ግን ነፃው ፈቃድ ለግል ሥራ ብቻ ነው። ሁለት የመዳብ ንብርብርና 80 ካሬ ሴንቲሜትር ላይም ይቆማል። የኛ ቦርድ 16 በ12 ሴንቲሜትር ነው፤ 192 ካሬ ማለት ነው። ራሱን ችሎ የቆመው ኢግል ደግሞ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጁን 7 ቀን 2026 እንዲያበቃ አውቶዴስክ አስታውቋል። በኢግል ብዙ የሠራ ሰው ፋይሎቹን ዛሬውኑ ቢያሸጋግር ይሻለዋል። ኪካድ የኢግልን ፋይል ይከፍታል።

የዋጋው ነገር ስብሰባውን አቀዘቀዘው። አልቲየም በሺዎች ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ በዶላር የሚከፈል ላይሰንስ በብር ሲመነዘር ያስደነግጣል። ክራክ፣ ማለትም ያልተከፈለበት የተሰበረ ቅጂ፣ የሚል ድምፅም ተሰማ። ሥራ አስኪያጃችን አላስጨረሱትም። «የሰው ዕቃ ሰርቀን የራሳችንን ዕቃ ለገበሬ አንሸጥም» አሉ። ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ኪካድ ይቅር ወይ? እኔ አጥብቄ ተከራከርኩለት። እ.ኤ.አ. በ1992 በፈረንሳይ ግሬኖብል ዣን ፒየር ሻራስ የሚባሉ መምህር የጀመሩት ነው። ኋላም የአውሮፓው የኑክሌር ምርምር ተቋም ሰርን ባለሙያዎቹን ሰጥቶ አሳድጎታል። የቦርድ ስፋት፣ የንብርብር ብዛት ወይም የንግድ ሥራ ገደብ የለውም። ለኛ ዓይነት ሥራ የጎደለው የኤሌክትሪክ ችሎታ አይደለም። መካኒካሉን በተመለከተ ፍሪካድ የሚባለውን ነፃ መንደፊያ አየነው። 1.0 የሚባለው እትሙ በኖቬምበር 2024 ወጥቷል። ስቴፕአፕ የሚባል ተጨማሪ መሣሪያም የኪካድን ቦርድ በቀጥታ ያስገባል፤ ተስተካክሎ የተሳለውን የቦርድ ጠርዝም መልሶ ወደ ኪካድ ይገፋል። ኢንጂነሯ ወደደችው። ላሜራ ለማጠፍና ጠፍጣፋውን ቅርጽ ለሌዘር ቆራጭ ለማውጣት ግን ሶሊድወርክስ ፈጣን ሆኖላታል፤ ላይሰንሱም ቀድሞ ተከፍሏል። እጇ የለመደውን የምናስጥልበት ምክንያት አልታየኝም።

ስለዚህ ምንም አልገዛንም። አሠራራችንን ግን ቀየርን። አሁን ሞዴል ያልተያያዘለት ፉትፕሪንት ወደ ኪካድ የዕቃዎች ማከማቻችን አይገባም። የአምራቹ ሞዴል ከሌለ ልጁ በዳታሺቱ ልክ ቀላል ሲሊንደር ወይም ሳጥን ይሠራል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቀለሙን ደማቅ ሮዝ ያደርገዋል፤ ኢንጂነሯ ስትከፍተው «ይሄ ግምታዊ ነው» ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ከስቴፑ ጋር ደግሞ የዕቃዎች ዝርዝር ይሄዳል፤ የእያንዳንዱ ረጅም ዕቃ ቁመት ተጽፎበት። እሷም በተራዋ የሳጥኑን ውስጠኛ ዙሪያና የከፍታ ክልሎች ዲኤክስኤፍ በሚባል የሥዕል ፋይል ትልካለች። ልጁ ኪካድ ላይ በተለየ ንብርብር ያስገባዋል። ዕቃ ሲያንቀሳቅስ ከላዩ ስንት ሚሊሜትር እንዳለው ዓይኑ ሥር ነው።

ሞዴል መኖሩ ብቻም አይበቃም። በሚቀጥለው ቦርድ ላይ 12 ሽቦ የሚቀበል ተርሚናል ነበር። ከኢንተርኔት የወረደው ሞዴል በሽቦ ቀዳዳዎቹ መሃል 5 ሚሊሜትር ያለው ነው። የገዛነው 5.08 ነው፤ ማለትም 200 ሚል (ሚል የኢንች አንድ ሺኛ ነው)። አንዱ ላይ ልዩነቱ አይታይም። ከመጀመሪያው ቀዳዳ እስከ አሥራ ሁለተኛው ሲደመር ግን 0.88 ሚሊሜትር ይሆናል። ላሜራው ላይ ለየሽቦው የሚቆረጠው ክብ ቀዳዳ መጨረሻው ላይ ተንሸራቶ ይቀር ነበር። ይህን ኢንጂነሯ ያገኘችው ዝርዝሩን ከዳታሺቱ ጋር ስታመሳክር ነው። ላሜራው ገና አልተቆረጠም ነበር።

አሁንም ያልፈታነው ኬብሉን ነው። ማገናኛው በሞዴሉ አለ፤ እሱ ውስጥ የሚሰካው ወንዴ ክፍልና ከኋላው የሚታጠፈው ወፍራም ሽቦ ግን በሁለቱም ፋይሎች ውስጥ የለም። የፓምፑ ኬብል ሲታጠፍ የሚይዘው ቦታ ቀላል አይደለም። ለጊዜው ሳጥኑ ሳይታዘዝ በፊት ከካርቶን አንድ ሠርቼ፣ ባዶ ቦርድ አስገብቼ፣ እውነተኛውን ኬብል ሰክቼ ለኢንጂነሯ ቁጥሩን እሰጣታለሁ። ልጁ ደግሞ በየማገናኛው ሞዴል ላይ የኬብሉን መታጠፊያ አብሮ መሣል ጀምሯል። አራቱን ጨርሷል።