ስለ ቀኝ ትከሻዬ ልመስክር

ጌታ ይባረክ ወገኖቼ። በልቤ ይዤው ቆይቻለሁ፤ ዛሬ ግን ልናገረው።

ሳን ሆዜ ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ቀኝ ትከሻዬ ላይ እብጠት ወጣ። መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም «ጡንቻ ነው፣ ይለቅሃል» ብሎ ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኘኝ። ሰባት ወር እንዲሁ አለፈ። በኋላ ናሙና ሲወሰድ ዕጢ ሆኖ ተገኘ። ከነጡንቻው መውጣት አለበት፣ ክንዱም ላይተርፍ ይችላል ተባልኩ። ልጄ ያኔ የአራት ወር ሕፃን ናት። ሌሊት ሌሊት ጸሎቴ አንድ ብቻ ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ ክንዴን ተውልኝ። በምን ላቅፋት ነው?»

ኦፕራሲዮኑ ሳምንት ሲቀረው ከኤርፖርት አንድ አዛውንት ጫንኩ። መሪውን በግራ እጄ ብቻ መያዜን አይተው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና ስለ ዴቭ ድራቬኪ ያወሩኝ ጀመር።

ድራቬኪ የሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ግራኝ ፒቸር ነበር። ቤዝቦል ላይ ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው ማለት ነው። ጌታን የሚያምን ሰው ነው። በፈረንጆች 1988 በሚወረውርበት ክንዱ ላይ ባለ ዕጢ ምክንያት ኦፕራሲዮን ሆነ። ከትከሻው ትልቁ ጡንቻ ግማሹ አብሮ ወጣ። ተአምር ካልሆነ ከእንግዲህ አይወረውርም ተባለ። በ10 ወሩ፣ ኦገስት 10 ቀን 1989፣ ካንድልስቲክ ፓርክ ሜዳ ገባ። ሲንሲናቲ ሬድስን 4 ለ 3 አሸነፉ። አዛውንቱ እዚያ ነበሩ። «ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት፤ እኔ አለቀስኩ» አሉኝ።

«ሃሌ ሉያ!» አልኩ። እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም። ከአምስት ቀን በኋላ ሞንትሪያል ላይ ኳሷን ሲወረውር የክንዱ አጥንት ተሰበረ። ሲሰበር ድምፁ ተሰማ። መሬት ላይ ወደቀ። ያቺ ውርወራ የመጨረሻው ሆነች። ዕጢው ተመልሶ መጣና በ1991 ክንዱ ከነትከሻው ተቆረጠ። በትልቁ ሊግ የተጫወተው ከ1982 ጀምሮ ነበር፤ ስምንት ዓመት እንኳ አልሞላውም።

እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። ይሄ ምን ዓይነት የጸሎት መልስ ነው? አዛውንቱ ሊወርዱ ሲሉ፣ ድራቬኪና ሚስቱ በኋላ ካንሰር የያዛቸውንና እጅ እግራቸው የተቆረጠባቸውን ሰዎች የሚያጽናና አገልግሎት እንደጀመሩ ነገሩኝ። ትከሻዬን እንዳይነኩ ተጠንቅቀው ጀርባዬን መታ መታ አድርገውኝ ሄዱ።

የዚያን ሌሊት ተንበርክኬ «ክንዴን» ማለት አቃተኝ። «አንተ ብቻ አትለየኝ» አልኩ። ከዚያ አልጋዬ ላይ ወጥቼ እስኪነጋ ተኛሁ። ከስንት ወር በኋላ! ልብ በሉልኝ፣ ፍርሃቱ የለቀቀኝ ገና ቢላዋ ሳይነካኝ ነው።

ዕጢው ወጣ፣ ጡንቻውም ተቀነሰ፤ ክንዴ ግን ተረፈ። ከትከሻ በላይ አይነሣም። ልጄ ማታ በሩ ሲከፈት ሮጣ ትመጣለች። በግራዬ አነሣታለሁ፣ ቀኜ ከሥር ደገፍ ያደርጋታል።