ከማጣሪያው የወደቁት ዘመዳሞች

ሥራዬ የዘረመል ዳታ መተንተን ነው። ደምም ምራቅም አላይም፤ የማየው ፋይል ብቻ ነው። ጥፋቴም ከዚያው መጣ።

አንድ ጊዜ ከአንዲት ትንሽ ደሴት የተሰበሰበ ዳታ ደረሰኝ። የነዋሪዎቹ የዘር ሐረግ ከየት እንደሚመዘዝ ልናጠና ነው። እንደ ልማዴ ከሌሎች ሕዝቦች ዳታ ጋር ቀላቀልኩትና የቅርብ ዘመዳሞችን የሚለየውን ማጣሪያ ለቀቅኩበት። ከሁለት ዘመዳሞች አንዱ ይወጣል፤ አለዚያ አንድ ቤተሰብ ውጤቱን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ወንበሬን ሳላሞቅ ጨረሰ። ከግማሽ በላይ ሰው ወድቋል!

ደነገጥኩ? የለም፣ ተናደድኩ። ናሙናውን ለሰበሰበችው ባልደረባችን ደወልኩ።

«ምን ነካሽ? አንድ ቤተሰብ ሙሉ ነው እንዴ የመዘገብሽው?»

ዝም ብላ ሰማችኝና «እዚያ ደሴት ላይ ዘመድ ያልሆኑ ሁለት ሰዎች ካገኘህ ደውልልኝ» ብላ ዘጋችው።

አቤት ልል አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ። ስክሪኑን ዝቅ ከፍ እያደረጉ አዩና ስለ ፒንገላፕ ያነሱልኝ ጀመር። በማይክሮኔዥያ ያለች ጠባብ ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1775 ገደማ አውሎ ነፋስ መታትና 20 የሚያህሉ ሰዎች ብቻ ተረፉ። ዛሬ ቀለም ጨርሶ የማይለዩ፣ የቀን ብርሃን ዓይናቸውን የሚወጋቸው ሰዎች እዚያ ከሌላው ዓለም እጅግ ይበዛሉ።

«ከ20 ሰው ለተወለደ ሕዝብ ያንተ ማጣሪያ ምን ይላል?» አሉኝ።

አፌን ያዝኩ። ማጣሪያው ዝምድናን የሚለካው ሁለት ሰዎች የሚጋሩት የዘረመል ዓይነት ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ አይቶ ነው። በዓለም ላይ ብርቅ የሆነው ደሴቷ ውስጥ ሁሉም ቤት አለ። እኔ ደግሞ የለካሁት በተቀላቀለው ዳታ ነው። የሩቅ ዘመዳሞቹ ሁሉ የአጎት ልጆች መስለው ታዩኝ።

ያሸማቀቀኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ነው። «የጣልካቸው ሰዎች የእነማንን የእናት መስመር ይዘው ሄዱ?»

ከእናት ብቻ የሚወረሰውን የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ሳይ፣ ሁለት መስመሮች ከዳታው ድራሻቸው ጠፍቷል። አይስላንድን አስቡ። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚወርደው ዋይ ክሮሞዞም በአብዛኛው ወደ ስካንዲኔቪያ ይመራል፤ የእናቶቹ መስመር ግን በአብዛኛው ወደ አየርላንድና ብሪታንያ። የአባቶቹን ብቻ ያየ ሰው፣ ሰፋሪዎቹ በመጡባቸው መርከቦች ላይ ስለነበሩት ሴቶች አንድ መስመር አይጽፍም።

ዝምድናውን በደሴቷ በራሷ የዘረመል ዓይነቶች ስርጭት እንደገና ለካሁ። አሁን የወጡት ከወላጅና ልጅ፣ ከእህትና ወንድም መካከል ብቻ ናቸው። ሁለቱም የእናት መስመሮች ተመለሱ። አንደኛውን ይዛ የተገኘችው አንዲት ሴት ብቻ ናት። እሷን ነበር ያለ ሐሳብ የጣልኳት።

ስልኬን አንስቼ ደወልኩ።

«አገኘህ?» አለችኝ፣ ሰላም እንኳ ሳትል።