«አንተ አይሁድ!»

ጥር 19 ጠዋት ከፒያሳ ወደ ስድስት ኪሎ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ስልኬን ስከፍት የኦሽዊትዝ ፎቶ መጣ። የጫማ ክምር ነው፤ ብዙው የልጆች። የሶቪየት ጦር እዚያ ካምፕ የደረሰው በዚሁ ዕለት ነው፤ በፈረንጆቹ 1945፣ በእኛ 1937። ናዚዎች ከፈጇቸው 6 ሚሊዮን አይሁዶች ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህሉ ያለቁት እዚያ ነው።

ከኋላዬ ጭቅጭቅ ተነሣ። ረዳቱ የአንዲት እናት መልስ ይዞ ቀርቷል። «አንተ አይሁድ! ብሬን አምጣ!» አሉት። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ረዳቱም ሳቀ። እኔም ፈገግ ብያለሁ፤ ምን እዋሻለሁ።

ፀረ አይሁድነት ሲባል የፈረንጅ ጣጣ ይመስለኝ ነበር። ግን ቃሉን ያደግኩበት ነው። ለአያቴ ጨካኝ ሁሉ አይሁድ ነበር፤ እህል የከለከለ ዘመድም ጭምር። ጀበና ልትገዛ ቀጨኔ ስትወስደኝ ደግሞ ሸክላ ሠሪዎቹ ፊት በነጠላዋ ትሸፍነኝ ነበር። «ቀና ብለሽ አትያቸው፣ ይበሉሻል!» ቡዳ ናቸው ማለቷ ነው። ጎንደር ላይ ቤተ እስራኤሎችን፣ የእኛኑ አገር አይሁዶች፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እያሉ ያሟቸው ነበር። አውሮፓ ደግሞ አይሁዶች ለፋሲካ ቂጣቸው የክርስቲያን ልጅ ደም ይጨምራሉ ይባል ነበር። አገሩ ተራራቀ እንጂ ሐሜቱስ ዘመድ ነው።

ይቺው አያቴ የካቲት 12 በመጣ ቁጥር ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር ቆማ ታለቅስ ነበር። በ1929 ጥቁር ሸሚዞቹ፣ የሙሶሊኒ ፋሽስት ታጣቂዎች፣ ታላቅ ወንድሟን ከቤት አውጥተው ወሰዱት። አስከሬኑ እንኳ አልተገኘም። «ሐበሻ ከመሆን በቀር ምን አደረገ?» ትል ነበር። ያው የሙሶሊኒ መንግሥት ሁለት ዓመት ሳይሞላ የዘር ሕጉን አገሩ ባሉት አይሁዶች ላይ አወጣ፤ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት፣ አባቶችን ከሥራ አባረረ። ይህን ለአያቴ አልነገርኳትም። እሷ በሕይወት እያለች እኔም አላውቀውም ነበር።

ሐውልቱ ጋ «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩ። ሴትዮዋ መልሳቸውን ተቀብለው ረዳቱን እየመረቁት ነበር። እኔ እንደሆን አንድም ቃል አልተነፈስኩም።

እናቴ ቤት ቡና ደርሷል። ጀበናው ያው የአያቴ የቀጨኔ ጀበና ነው። የታክሲውን ነገር ነገርኳት።

«ታዲያ ምን ይበሉት?» አለችኝና ቀዳችልኝ።